ነጋሪት እና ኦዳ

«ባለድርሻ አካላት» የምትለዋን ሐረግ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ዜና ላይ አለች፣ ባነር ላይ አለች፣ የስብሰባ ፎቶ ሥር አለች። «ከባለድርሻ አካላት ጋር ምክክር ተካሄደ» ይላል ፖስቱ። ፎቶው ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ከረባት፣ የፕላስቲክ አበባ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች የምትከታተሉ ሰዎች ይህን ፎቶ ሺህ ጊዜ አይታችሁታል። ጠረጴዛው ይለያይ ይሆናል እንጂ ፎቶው አንድ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ቃሉ ነው። ድርሻ ማለት እኮ ለአንድ ነገር ያዋጣኸው፣ ወይም ከአንድ ነገር ላይ የሚደርስህ ማለት ነው። እቁብ ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው ዳኛውን «ብሩ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዳኛውም ይመልሳል። መመለሱን ትቶ «ውድ የእቁባችን አባላት፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ፎቶ ቢለጥፍ በሚቀጥለው ሳምንት እቁብ የለም። ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ላይ ድርሻ ያለው ማነው? ድርሻ ያለው ሰውስ የሚገባው ዜና ነው ወይስ መልስ?

ጥያቄው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ብቻ የሚጨነቁበት ይመስላል። እኔ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው እላለሁ። አንድ ተቋም አፍ ካበጀ ጆሮም የማበጀት ግዴታ አለበት ወይ? ዝም ሲልስ ዝምታው መቼ ጥበብ ነው፣ መቼ በደል?

*

ድርሻው ከማን እንደሚጀምር ልንገራችሁ።

ያደግሁት ጉደር ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አዴ አሉ፤ በእኛ አካባቢ እናትን በአክብሮት ስንጠራ «አዴ» ነው የምንለው። ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ሩቅ አገር ደረሳት። ከዚያ በኋላ አዴ በየሁለት ቀኑ እኛ ቤት ብቅ ይሉ ጀመር። «እስቲ ያንን ስልክህን እየው ልጄ፣ ጠርተዋል ወይ?» እኔም አያለሁ። ጥሪው የወጣው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እያነበብኩ ነገርኳቸው። ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው። ይህ ዝርዝር ለእኔ ማስታወቂያ ነው፤ ለእሳቸው ሂሳብ ነው። በግ ሸጡ። ልጅቷ ሌሊት ተነሥታ አውቶቡስ ተሳፈረች። ገና መንገድ ላይ ሳለች፣ ማታ፣ አንድ ፖስት ወጣ። የመግቢያው ቀን ተራዝሟል፤ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን»።

ኮመንቱን ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «መንገድ ላይ ነን፣ ምን እናድርግ?» «ለደረስን ልጆች ዶርም ይከፈታል ወይ?» «ኧረ አድሚን እባክህ መልስልን።» መልስ የለም። ልጆቹ ግን እርስ በርሳቸው ይመላለሱ ነበር። አንዱ ከተማው ውስጥ ያለች አክስቱን ስልክ ሰጠ፣ ሌላዋ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ርካሽ አልጋ ጠቆመች። በማግሥቱ ጠዋት ገጹ አዲስ ነገር ለጠፈ። ለሠራተኞች ስለ ደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ተሰጠ ይላል።

ልጅቷ ደህና ናት። ሁለት ሌሊት ከማታውቃቸው ደግ ሰዎች ቤት አደረች፣ ከዚያ ገባች። አዴም ብዙ አልተቆጡም። «መንግሥት ነው፣ ምን ይባላል» ብለው አለፉት። የከበደኝ ይሄ ነው። በግ የሸጠ ሰው ባለድርሻ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ልጅቷስ ብትሆን? ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን ይከፍላል። ማለትም ተማሪው በምሳሌ ሳይሆን በወረቀት፣ በፊርማ ባለድርሻ ነው። ግን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የለም። ያለው ኮመንት ውስጥ ነው።

*

ድሮ አዋጅ የሚነገረው በነጋሪት ነበር። ገበያ መሐል፣ ሰው በሚበዛበት ቀን ነጋሪቱ ይጎሰማል፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል፣ አዋጁ ይነገራል። ይቺ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ዛሬ «ሼር አድርጉ» ተብላ ቀጥላለች። ሕጎቻችንም አሁን ድረስ የሚታተሙበት ጋዜጣ፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ስሙ ነጋሪት ነው። ነጋሪት በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ሕዝብ ባልሰማው ሕግ መቀጣት የለበትም። ግን አንድ ባሕርይ አለው። ጥያቄ አይቀበልም። አዋጅ ነጋሪውን «ለምን?» ብትሉት እሱም አያውቅም፤ ተልኮ ነው የመጣው።

በእኛ በኩል ሌላም ልማድ አለ። ኦዳ የሾላ ዛፍ ነው፤ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጠው ከሥሩ ነው። ከታወቁት ኦዳዎች አንዱ ኦዳ ቢሲል እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ይገኛል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ብዙ የተወራው በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ስለመተላለፉ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላው ነው። ጉባኤው ላይ የሚመራው ሰው ይሰማል። ሰው ይነሣል፣ ይናገራል፣ ሌላው ይመልስለታል፣ እስኪስማሙ ድረስ ጊዜ ይወስዳል። ነገሩን አላሳምረውም፤ የሴቶች ድምፅ በአብዛኛው በሲንቄ በኩል ለብቻው የሚመጣ እንጂ እኩል ተቀምጦ የሚናገር አልነበረም። ሆኖም ሐሳቡ ግልጽ ነው። ተሰብሳቢ መጥቶ አዳምጦ የሚሄድ ብቻ አይደለም፣ መልስ የሚጠብቅ ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ ሲመጣ በአሠራሩ ኦዳ ይመስል ነበር። ከፖስቱ ሥር ቦታ አለ፣ ማንም ይጽፋል፣ ባለቤቱ ሊመልስ ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግን ኦዳውን ተቀብለው ነጋሪት ሰቀሉበት። ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የለመዱትን አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዘው ገቡ። ለዚህ ነው ገጹ ላይ ብዙ ነገር ተጽፎ ጋዙ እንደወጣ አምቦ ውሃ የሚሆንብን።

አማርኛችን ይህን ልዩነት ቀድሞ ያውቀዋል። «ተናገረ» እና «ነገረ» አንድ አይደሉም። መናገር ለብቻም ይቻላል። መንገር ግን ሰው ይፈልጋል፤ «ነገረው»፣ «ነገረቻት»፣ «ነገሩን»። ገጾቻችን ቀን ከሌት ይናገራሉ። የሚነግሩት ሰው ግን ፊት ለፊታቸው ያለ አይመስልም።

*

በምዕራብ ሸዋ ይህ የቅንጦት ወሬ አይደለም። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ረጅም ነው፤ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ነው የጀመረው። ዛሬ ጉደር ያለው ካምፓስ በማሞ መዘምር ስም፣ አምቦ ያለው የቴክኖሎጂ ካምፓስ በሃጫሉ ሁንዴሳ ስም ይጠራል። ሁለቱም ስሞች ዝም በሉ የተባሉ፣ ዝም ያላሉ ሰዎች ስሞች ናቸው። ዩኒቨርሲቲና ከተማ እዚህ በአጥር ብቻ ነው የሚለያዩት።

በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና ዙሪያዋ ማስተር ፕላን ሲመጣ አምቦ ላይ ተማሪዎችና ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከቁጣው ምክንያቶች አንዱ በቀላሉ ሲነገር ይሄ ነበር፤ መሬቱ የሚነካበት ገበሬ አልተጠየቀም፣ ተነገረው እንጂ። ኅዳር 2008 ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጊንጪ ተማሪዎች ወጡ፤ ነገሩ መላው ኦሮሚያን አዳረሰ። ያኔ የሆነውን አገር ያወቀው ከተማሪ ስልክ በወጡ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ነው። መስከረም 2009 ላይ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማኅበራዊ ሚዲያንም ገደበ። ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሲገደል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ፤ የልጁ የትውልድ ከተማ በጨለማ ውስጥ ቀበረችው። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ለወራት ቆዩ። በእነዚያ ወራት ብዙ የመንግሥት ተቋማት በተዘጋው ፌስቡክ ላይ መለጠፋቸውን አላቋረጡም። እኛም ቪፒኤን ከፍተን አነበብን። ሁለታችንም ያልተፈቀደ በር ተጠቅመን፣ ስለ በሩ ግን ማንም ምንም ሳይል።

ከዚህ ሁሉ የአካባቢያችን ወጣት አንድ ትምህርት ወስዷል። ገጽ ይናገራል፣ እውነቱን የሚነግርህ ግን ጓደኛህ ነው። ዛሬ ስለ ራሱ ዩኒቨርሲቲ የጥሪ ቀን እንኳ ብዙ ተማሪ ቀድሞ የሚያየው ቲክቫህን ነው። የቤቱን ወሬ ከጎረቤት የሚሰማ ልጅ በቤቱ ላይ ያለው እምነት ምን ያህል እንደሆነ አስቡት።

*

አሁን የሌላውን ወገን ልስማ፤ ካልሰማሁ እኔም ነጋሪት መምታቴ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። የት እንደሆነ አልናገርም። እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ውጭ ስለሆንክ ይቀልልሃል። እኔ አንድ መስመር ለመለጠፍ ሦስት ሰው ማስፈቀድ አለብኝ። ‹ዶርም ይከፈታል› ብዬ ብመልስና ባይከፈት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ዝም ብል ግን ማንም አይጠይቀኝም።» ቀጥሎ ደግሞ የበለጠ የከበደ ነገር ተናገረ። «ኮመንት ክፍት ስትተው አሥረኛው ላይ ብሔር ይጀመራል። ሃያኛው ላይ ስም ይጠራል። ከዚያ በኋላ ያ ስም ያለው ልጅ ዶርም ውስጥ እንዴት ያድራል?»

ይህ የፈጠራ ፍርሃት አይደለም። ጥቅምት 2012 መጨረሻ ላይ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ሲገደሉ፣ ግጭቱ ወደ ሌሎች ካምፓሶች ሲዛመት፣ ፌስቡክ ላይ የሚዞረው ወሬ ምን እንደሠራ ያኔ ካምፓስ የነበረ ሁሉ ያውቃል። በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 ወጣ። ስለዚህ «ሁሉም ሁሉን ይናገር» ማለት መልስ አይደለም። ዝም አይነቅዝም የሚሉት አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም።

ካንት ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ ላይ የሚጠቅመን ሐሳብ አለ። የማያምንበትን ፈጽሞ እንደማይናገር፣ የሚያምንበትን ሁሉ ግን ለመናገር ድፍረቱ እንደሌለው ጽፏል። በውሸትና በዝምታ መካከል መስመር አለ ማለት ነው። ጓደኛዬም እዚህ መስመር ላይ ነው የቆመው፤ አልዋሸም፣ ዝም አለ እንጂ።

ግን ካንት ለራሱ ነበር የሚጽፈው። ተቋም ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ምክንያቱም የተቋም ዝምታ ወጪ አለው፣ ወጪውን የሚከፍለውም ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ እኔ የያዝኩት መለኪያ ይሄ ነው። ዝምታው የሚጠብቀው ማንን ነው? የተጣላ ተማሪን ስም አለመጥራት ተማሪውን ይጠብቃል፤ ትክክል ነው። የታመመችን ልጅ ጉዳይ አለማውራት ልጅቷን ይጠብቃል፤ ትክክል ነው። «ዶርም ይከፈታል ወይ?» ለሚለው ዝም ማለት ግን ማንን ይጠብቃል? ወንበርን። ተማሪን የሚጠብቅ ዝምታ ምሥጢር መጠበቅ ነው። ወንበርን የሚጠብቅ ዝምታ ተማሪን መንገድ ላይ መተው ነው፤ ስሙ ጥንቃቄ ቢሆንም።

መለኪያው በከባዱም ቀን ይሠራል። በ2012 ዓ.ም. የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲታገቱ፣ ሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ሲታገቱ፣ አንድ ወላጅ የሚጠይቀው ምንድን ነው? «ልጄ አለች ወይ?» በዚያ ሰዓት ሁሉን መናገር ነፍስ ሊያስጠፋ ይችላል። ይገባኛል። ነገር ግን ሁሉን በመናገርና ምንም ባለመናገር መካከል ሌላ ንግግር አለ። «ሰምተናል። ስልካችሁን መዝግበናል። ዛሬ የምንነግራችሁ የለንም፤ ነገ በአራት ሰዓት ግን ባይኖረንም እንነግራችኋለን።» ይህ ምንም ምሥጢር አያወጣም። የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወላጁ ሰው መሆኑን። እንዲህ ያለው ቃል ከሌለ ቦታውን ወሬ ይሞላዋል። ኮመንት የሚያቃጥለው መልስ ስላለው ብቻ አይደለም፣ መልስ ስለሌለውም ነው።

*

ዝምታ ብቻ አይደለም በደሉ። መናገርም ይበድላል።

እንዲህ ዓይነት ፖስት አይታችኋል። «ለአቅመ ደካማ ተማሪዎች ድጋፍ ተደረገ።» ልጆቹ ተሰልፈዋል፣ ደብተር ወይም ብርድ ልብስ ወይም የንጽሕና መጠበቂያ ይዘዋል፣ ሰጪው ይስቃል፣ ተቀባይዋ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ፊቷ በደንብ ይታያል። ክፍሏ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያይዋታል፤ ያን ቀን ከካፌ ወጥታ ዶርም ስትገባ እንዴት እንደምትራመድ እኔ አላውቅም፣ መገመት ግን አያቅተኝም። ድጋፉ መልካም ነው። ፎቶው ግን ለማን ነው? ለሷ አይደለም፤ ተቀብላለች። ለሰጪው ነው፤ ለ«ባለድርሻ አካላት»። የሷ ፊት እዚያ የገባው እንደ ደረሰኝ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለን፤ ነገር ግን እውነት እንነጋገርና፣ ይህን ለማወቅ አዋጅ ያስፈልገን ነበር? ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አትወቅ ተብሎ ያደገ አገር ነው።

እዚህም ያው መለኪያ ይሠራል፤ ንግግሩ የሚጠቅመው ማንን ነው?

*

«አቅም የለንም፣ ለዚህ ሁሉ ሰው እንዴት ይመለሳል?» የሚል መልስ እሰማለሁ። ጥር 2015 ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያን መራራ ዜና ወደ 900 ሺህ ለሚጠጋ ተፈታኝ ከነገሩት መንገዶች አንዱ የቴሌግራም ቦት ነው። ቁጥርህን ትጽፋለህ፣ ያንተን ውጤት፣ ለአንተ ብቻ፣ ይነግርሃል። ለ900 ሺህ ሰው «ወድቀሃል» ብሎ በየስሙ መንገር ከተቻለ፣ ለደረሱት ልጆች «ሦስት ቁጥር ብሎክ ክፍት ነው» ማለት የቴክኒክ ችግር አይደለም። የልማድ ችግር ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። አዋጅ 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ጥያቄው የሚቀርበው ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ። በሕጉ ዓይን ያ ቢሮ የተቋሙ አዋጅ ነጋሪ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄ ተቀባይና መላሽ ነው። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ ከዚያ «እስቲ አንቀጹን ላክልኝ» አለ።

ፈላስፋዋ ኦኖራ ኦኒል በአውሮፓውያኑ 2002 ቢቢሲ ላይ ባቀረበቻቸው ንግግሮች ስለ እምነት ያለችው እዚህ ይመጣል። መረጃ ማብዛት በራሱ እምነት አያመጣም፤ ሰው የሚያምነው የሰማውን መርምሮና ጠይቆ ማጣራት ሲችል ነው። ገጾቻችን በየቀኑ አሥር ፖስት ቢለጥፉ እምነቱ አይጨምርም። አንድ ጥያቄ ቢመልሱ ይጨምራል።

ለእኛም የቀረ ነገር አለ፤ ድርሻ ሁለት ወገን ነውና። ከፖስቱ ሥር «ሌቦች» ብሎ መጻፍ ጥያቄ አይደለም፤ ስድብ መላሹን ነጻ ያወጣዋል፣ ዝም ለማለትም ምክንያት ይሰጠዋል። ጥያቄ ቀን አለው፣ ስም አለው፣ አንድ ነገር ይፈልጋል። «የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ለወጪ መጋራት ፈርሜያለሁ፤ የምግብ በጀቱ ለአንድ ተማሪ በቀን ስንት ነው?» ይህን ኮመንት ላይም ጻፉት፣ በወረቀትም ለሕዝብ ግንኙነት ቢሮ አስገቡት። ማኅተም ያለበት ቅጂ ተቀበሉ። ከዚያ 30 ቀን ቁጠሩ። መልስ ካልመጣ አቤቱታው እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ድረስ ይሄዳል፤ ያችን ቅጂ ይዛችሁ።